ማጭዱ የግል ነው፣ ሰሊጡ ግን ገበያ ይወጣል

«መምህር፣ በዚህ ዘመን ገና በአሮጌ ዎርድና በፓወር ግዕዝ ነው ፈተና የምትጽፈው?» እያላችሁ ለምትስቁ የድሮ ተማሪዎቼ መልስ ይኸውላችሁ። አዎ፣ በእሱ ነው! ምክንያትም አለኝ።

ሰሊጥ ሊያጭድ ወደኛ ቆላ የሚወርድ ሰው እጁ የለመደውን ማጭድ ነው የሚመርጠው። ሰሊጡ ሳይረግፍ መድረስ አለበት፤ ከአዲስ ማጭድ ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ የለውም። የመምህርም ነገር እንደዛው ነው። ጣቴ ፊደሉን ሳያይ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ለወራት በጠፋበት ጊዜ ያ አሮጌ ፕሮግራም መብራት እስካለ ድረስ ሠርቷል። «አድሱኝ» ብሎ አያስቸግርም፤ ትናንት የነበረው ቁልፍ ዛሬም እዛው ነው።

ይሄ የድሃ አገር ምርጫ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ ጆርጅ ማርቲን ዛሬም በዶስ ኮምፒውተር፣ ዎርድስታር በሚባል ጥንታዊ ፕሮግራም እንደሚጽፍ ተናግሯል። ምክንያቱ? ሳይጠይቀው ፊደል የሚያርምለት ማሽን አይፈልግም።

የኛዎቹ ደግሞ ከመምረጥም አልፈው ራሳቸው ሠርተዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለፊደላችን አስማሙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ በአሜሪካ ሆነው አማርኛን ኮምፒውተር ላይ አወጡት። ሌላ ሰው ሠርቶ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም።

ግን አንድ ችግር አለ። የድሮዎቹ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ላቲን ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ስለዚህ ያንኑ ፈተና ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው የምታዩት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ 345 ምልክቶች፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር። ይሄን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ መምህር ይቀየራል፣ ኮምፒውተር ይሞታል። የትምህርት ቤቱ የፈተና ጥያቄ፣ የእድሩ ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ሰው ስለ ሽንፋ የሰበሰበው ታሪክ በድሮው ፎንት ከቀረ፣ ተረካቢው ፋይሉን ይዞ ማንበብ ያቅተዋል። ወረቀቱ ሳይቃጠል ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ የምትወዱትን ፕሮግራም ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውም። አዳዲሶቹ የፓወር ግዕዝ ቅጂዎች የዩኒኮድ ፎንት አላቸው፤ እሱን ምረጡና ጻፉ። የድሮ ፋይሎቻችሁንም ፎንቱ ያለበት ማሽን በሕይወት እያለ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ፒዲኤፍ ማድረግ ለማየት ይረዳል፤ ለማረምና ቃል ለመፈለግ ግን አይበቃም።

መጻፊያው የናንተ ይሁን፤ ፊደሉ ግን የሁላችንም ነው። የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር። የምትችሉ ደግሞ ጎረቤት ትምህርት ቤት ላለ መምህር አድርሱልኝ።