ሁለተኛውን ቁልፍ ስለ መጠበቅ

በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያለው ዕቃ ቤት፥ ንዋየ ቅድሳቱና የብራና መጻሕፍቱ የሚጠበቁበት ስለ ሆነ፥ በብዙ ሥፍራ በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ የሚከፈት አይደለም። አንዱን ቁልፍ ገበዙ ይይዛል፤ ሌላውን ሌላ የታመነ ሰው ይይዛል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። ይህ ሥርዓት የተሠራው ገበዙ ስለ ተጠረጠረ አይደለም፤ አንድ ቁልፍ ሊጠፋ፥ ሊሰረቅ ወይም ተመሳሳዩ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ ነው እንጂ። ዛሬ የመንግሥት ጽሕፈት፥ የባንክ ገንዘብና የየሰዉ ደብዳቤ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ በሚያድርበት ዘመን፥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተባለው ሥርዓት ከዚሁ ከጥንቱ ብልኃት የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው ቁልፍ ባለቤቱ በልቡ የያዘው የይለፍ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ በእጁ ያለው መሣሪያ፥ ይኸውም አስቀድሞ ተመዝግቦ የታመነው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ነው።

ዳሩ ግን ቁልፉን ሁለት ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ዘወትር ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተነግሯል፤ ሥርዓቱንም ያልሰማ ሹም ጥቂት ነው። ስለ ኋለኛው ግን የሚጠይቅ አይታይም። ይህ ቸልታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በታላላቅ መንግሥታት መሥሪያ ቤት ሳይቀር ተገልጧል።

ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2024፥ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፥ ቀድሞ ትዊተር ይባል በነበረው በኤክስ ላይ ባለው አካውንቱ አንድ ቃል ወጣ። ቃሉም፥ ቢትኮይን በተባለው ዲጂታል ገንዘብ ላይ የተመሠረቱ አዲስ ሰነዶች በገበያ እንዲሸጡ ኮሚሽኑ ፈቅዷል የሚል ነበር። ነገሩ ሐሰት ነው። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ጋሪ ጌንስለር አካውንቱ በሌላ እጅ መውደቁን ቢያስታውቁም፥ የቢትኮይን ዋጋ በፊት ከ1,000 ዶላር በላይ ወጣ፤ ማስተባበያው በተሰማ ጊዜ ደግሞ ከ2,000 ዶላር በላይ ወረደ። በዚያ መካከል የገዛና የሸጠ ሰው ሁሉ በሐሰት ማኅተም በታተመ የመንግሥት ደብዳቤ እንደ ተመራ ሰው ነው። ኮሚሽኑ በማግሥቱ ያንኑ ፈቃድ በእውነት መስጠቱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ አድርጎታል።

የአደጋው አፈጻጸም በኋላ በፍርድ ቤት ተገልጧል። አንድ ሰው ሐሰተኛ መታወቂያ አትሞ በአላባማ ክፍለ ሀገር በሀንትስቪል ከተማ ወደሚገኝ የስልክ ኩባንያ ሱቅ ገባ። ቁጥሩ የተመዘገበበትን ሰው መስሎ ምትክ ሲም ካርድ ተቀበለ። ከዚያም አዲስ ስልክ ገዝቶ ሲሙን ካስገባ በኋላ፥ የመጣለትን የምስጢር ቁጥር ለግብረ አበሮቹ አስተላለፈ። ሥራው ሲያልቅ ስልኩን በርሚንግሃም ወስዶ መልሶ ገንዘቡን ተቀበለ። በሜይ 2025 የ14 ወር እሥራት ተፈርዶበታል። እንግዲህ የኮሚሽኑን ኮምፒዩተር የሰበረ፥ የይለፍ ቃሉንም በጥበብ የፈታ ማንም የለም፤ ስልክ ቁጥሩን የያዘው ሰው የይለፍ ቃሉን በሌላ ለውጦ ገባ።

ከዚህም የከፋ ነገር ነበረ። ኮሚሽኑ ራሱ በኋላ እንዳስታወቀው፥ የአካውንቱ ሁለተኛ ማረጋገጫ ከስድስት ወር በፊት፥ በጁላይ 2023፥ ተነሥቶ ነበር። የተነሣውም ሠራተኞቹ አካውንቱን መክፈት ስላስቸገራቸው፥ በእነርሱ ጥያቄ ነው። ችግሩ ከተወገደ በኋላ ግን መልሶ የዘጋ ሰው አልተገኘም። ለአንድ ቀን ችግር ሲባል የተከፈተ በር ስድስት ወር ሙሉ ተከፍቶ ኖረ። በዚያ መሥሪያ ቤት ሕግ አዋቂ ወይም የኮምፒዩተር ሊቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለተኛው ቁልፍ የማን ኃላፊነት እንደ ሆነ በስም ስላልተለየ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህ ነገር ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ስልክ ቁጥር መሣሪያ አይደለም። መሣሪያው በባለቤቱ ኪስ ያለው ግዙፍ ዕቃ ነው፤ ቁጥሩ ግን የኩባንያው ንብረት ሆኖ ለጊዜው ለደንበኛው የተሰጠ ነው፤ በሱቅ ውስጥ ያለ ጸሐፊ በሐሰት ቃል ተታልሎ ለሌላ ሊያዞረው ይችላል። ቁጥሩ ሥራ ካቆመም ኩባንያው ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል። በ2021 በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ለአዲስ ደንበኞች ሊሰጡ የተዘጋጁ 259 ቁጥሮችን መርምረው፥ ከእነዚህ 171ዱ ገና ከቀድሞ ባለቤቶቻቸው አካውንት ጋር ተያይዘው አግኝተዋቸዋል። አዲሱ ደንበኛ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ የማያውቀው ሰው ቁልፍ በእጁ ገብቷል። ስለዚህ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2017 ባወጣው መመሪያ፥ በስልክ መሥመር የሚላከውን የምስጢር ቁጥር በጥንቃቄ ብቻ ሊሠራበት ከሚገባው ክፍል መደበው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ተቆራኝቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያም፥ ፋይዳ፥ ባለመታወቂያው ባስመዘገበው ስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር ማንነትን ያረጋግጣል። ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ልብሱንና ፓስፖርቱን ሲያሰናዳ፥ የባንኩና የኢሜይሉ ማረጋገጫ በሀገር ቤት በሚተወው ሲም ላይ መሆኑን አያስብም። ሲሙ ሥራ ሲያቆም ባለቤቱ በራሱ ደጅ እንግዳ ይሆናል።

መሣሪያው ራሱ በባለቤቱ እጅ ሳለም አደጋ ሊደርስ ይችላል። በሴፕቴምበር 2022 ኡበር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሆነው ይህ ነው። የአንድ ተቀጣሪ የይለፍ ቃል በሌባ እጅ ገባ፤ ሌባውም ደጋግሞ ለመግባት በሞከረ ቁጥር በተቀጣሪው ስልክ «ይግባ ወይስ አይግባ» የሚል ጥያቄ ይመጣ ነበር። ሰውየው ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዱን ፈቀደ፤ በሩም ተከፈተ። የደከመ ዘበኛ የሚያንኳኳውን ሰው ማንነት ሳይጠይቅ እንደሚከፍት ያለ ነው። ማይክሮሶፍት ከሜይ 2023 ጀምሮ በመተግበሪያው ላይ፥ የሚገባው ሰው በኮምፒዩተሩ የሚያየውን ቁጥር በስልኩ እንዲጽፍ ያስገደደው ለዚህ ነው። ባልጠየቀበት ሰዓት የመጣለትን ጥያቄ የሚያይ ሹም፥ እምቢ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉ በሌላ እጅ መግባቱን የሚናገር ምልክት ስለ ሆነ ወዲያው መለወጥ ይገባዋል።

የታመኑትን መሣሪያዎች መመርመር ከባድ ሥራ አይደለም። በአፕልም በጉግልም አካውንት ውስጥ መሣሪያዎቹ በየስማቸው የተዘረዘሩበት ቦታ አለ። ዝርዝሩን የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ግን የሚያስደነግጥ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተሸጠ ስልክ፥ ለዘመድ ልጅ የተሰጠ ታብሌት፥ በቀድሞ መሥሪያ ቤት የቀረ ኮምፒዩተር። እነዚህ ሁሉ ገና እንደ ታመኑ ይቆያሉ። ጉግል «በዚህ መሣሪያ ዳግመኛ አትጠይቀኝ» የሚል ምርጫ አለው፤ በራስ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይህ ዕረፍት ነው፤ ሦስትና አራት ጸሐፊዎች በሚፈራረቁበት የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ግን ሁለተኛውን ቁልፍ በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

ሆኖም ጥንቃቄው ባለቤቱን ራሱን ከውጭ እንዳያስቀር ማሰብ ያስፈልጋል። ጉግል ስልኩ ለጠፋበት ሰው የሚሆኑ 10 የመጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። አፕል የታመነ ስልክ ቁጥር ከአንድ በላይ መመዝገብን ይፈቅዳል፤ ለሚፈልግም ባለ 28 ፊደል የማስመለሻ ቁልፍ አለው። ይህን ቁልፍ የመረጠ ሰው ግን ቁልፉንም የታመኑ መሣሪያዎቹንም ካጣ፥ ኩባንያው ራሱ ሊከፍትለት አይችልም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በወረቀት ተጽፎ በካዝና ይቀመጥ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዚያው በስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ስልኩ በጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ለግል ሰው የተነገረ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሹም በተዛወረ ጊዜ ማኅተሙን፥ መዝገቡን፥ የካዝናውን ቁልፍና መኪናውን በዝርዝር ያስረክባል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልና የሕዝብ ማስታወቂያ አካውንት የምስጢር ቁጥር የሚላክበት ስልክ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜም የሹሙ የግል ስልክ ነው። ሰውየው በሰላም የተዛወረ እንደ ሆነ ተተኪው ለእያንዳንዱ መግቢያ እየደወለ «እባክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል፤ በቅያሜ የሄደ እንደ ሆነ ወይም ከሀገር ከወጣ የመሥሪያ ቤቱ አፍ በአንድ የቀድሞ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። በስልክ ቁጥር እየተነጋገሩ መግባትም ክፉ ልማድ ነው፤ ቁጥሩን ለደወለ ሁሉ መንገር የለመደ ሰው ለአታላይም ይነግራልና።

ስለዚህ በርክክብ ወረቀት ላይ አንድ አምድ መጨመር ይገባል፤ አካውንቱ፥ የታመኑት መሣሪያዎች፥ ቁጥሩ የሚላክበት ስልክና የመጠባበቂያው ጽሑፍ ያለበት ካዝና ይጻፍበት። ስልኩና ሲሙ በመሥሪያ ቤቱ ስም የተመዘገቡ ይሁኑ። አዲሱ ሹም በተረከበበት ቀን የቀድሞው መሣሪያ ከዝርዝሩ ይውጣ እንጂ «በኋላ እናስወጣዋለን» አይባል፤ የአሜሪካው ኮሚሽን ስድስት ወርም በዚሁ ዓይነት ቸልታ ያለፈ ነው።

የሞት ነገርም አለ። አፕል ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ባለቤቱ ሲሞት አካውንቱን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ እንዲመረጥ ፈቅዷል፤ ጉግል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ አካውንት ለማን እንዲገለጥ ባለቤቱ የሚወስንበትን መንገድ ከ2013 ጀምሮ አዘጋጅቷል። እነዚህ ለቤተ ሰብ የታሰቡ ናቸው። የመሥሪያ ቤት አካውንት ወራሽ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስለ ሆነ፥ ሁለተኛው የታመነ መሣሪያ በሌላ ኃላፊ እጅ መመዝገብ ያለበት የመጀመሪያው ባለአደራ በሥራው ላይ ሳለ ነው።