የሁለቱም ልጆች ናቸው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ሊከፈት ሲል ወላጆች የምዝገባ ቅጽ ይሞላሉ። እናቷ የደሴ ሰው፣ አባቷ ነጭ አሜሪካዊ የሆነች አንዲት ልጅ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ «እማዬ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ ዛሬ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ሣጥን ላይ ምልክት ይደረጋል።

ይህ እንደዋዛ አልተገኘም። የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የሚከለክሉ የግዛት ሕጎችን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በሕዝብ ቆጠራ ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደውም በ2000 ነበር። በ2020ው ቆጠራ 33.8 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከሕዝቡ 10.2 በመቶው፣ ከአንድ በላይ ዘር እንዳለው ተመዝግቧል። የአቆጣጠር ዘዴው መለወጡ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርገውም፣ እነዚህ ልጆች በየክፍሉ መኖራቸው ግን አያጠራጥርም።

ቅጹ ተሻሽሏል፤ የአማካሪው ቢሮ ግን ገና ወደኋላ ቀርቷል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ ይበቃል ቢልም የአገሪቱ አማካይ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ጊዜ ያጠረውና ባህሉን የማያውቅ አማካሪ፣ ታላቅን አክብሮ ያቀረቀረን ልጅ «የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ወላጅ ሲጠራም ልጁ አስተርጓሚ ሆኖ መሐል ይቀመጥና የራሱን ጥፋት ለእናቱ በአማርኛ ይነግራል። ይህ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች አማካሪዎቻቸውን ይጨምሩ፣ ያሠልጥኑም። ልጁን «ከየትኛው ወገን ነህ?» ከማለት «ስለ ቤታችሁ አጫውተኝ» ይበሉት። ለወላጅ ስብሰባ አስተርጓሚ ያቅርቡ፤ ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም ይህን መጠየቅ መብታቸው ነው።

«ልዩነቱን ካላነሳነው ልጁም ይረሳዋል» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። አንስማማም። ልጁ ጓደኞቹ «አንተ ግን ምንድን ነህ?» ሲሉት በየቀኑ ይሰማዋል፤ የእኛ ዝምታ የሚያስተምረው ስለ ራሱ መናገር ነውር መሆኑን ብቻ ነው።

እኛ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ከተጠያቂነት አናመልጥም። ቅዳሜ አማርኛ ሊማር የመጣ ልጅ «ጸ» አልወጣለት ሲል የምንስቅበት፣ «ያቺ ክልሷ» ብለን ከስሟ በፊት መልኳን የምንጠራ እኛ ነን። የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም፤ ያጣነው ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» ብሎ መጠየቅ የአገራችን ወግ ነው፤ ደግ ወግም ነው። ልጁ «የሁለቱም» ብሎ ሲመልስ «እሰይ፣ እደግ» ብለን እንመርቀው እንጂ ሌላ ጥያቄ አንጨምርበት።