ዎከር የሚባል ሰው ለምታውቁ ሁሉ



የጆኒ ዎከርን ጠርሙስ ያላየ አይኖርም። ረጅም ባርኔጣ የደፋው፣ ቀይ ኮት የለበሰው፣ ከዘራ ይዞ የሚገሰግሰው ሰውዬ ቶም ብራውን የተባለ ሠዓሊ በ1908 የሣለው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጥቂት እንግሊዝኛ ያለው ሁሉ ሥዕሉን አይቶ፣ ዎከር ማለት ተራማጅ ነው ብሎ ይደመድማል። ኩባንያውም በዚሁ ሲነግድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ የመጣው ግን ከመንገድ ሳይሆን ከገንዳ ነው። ጥንት ዎከር የተባሉት ሰዎች እግራቸውን ሲያነሱና ሲጥሉ የሚውሉት አንድ ቦታ ቆመው ነበር፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሽንት ውስጥ።

ይህን የምጽፍላችሁ በሥራም፣ በጋብቻም፣ በስደትም ምክንያት ብዙዎቻችሁ አንድ ዎከር ስለማታጡ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ድሩና ማጉ ገና አልጠበቀም፤ የበጉ ስብና ሲፈተል የተቀባው ዘይትም አለበት። ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፉትና ሰንብቶ የከረፋ ሽንት ወይም ቅባት የሚመጥ ለስላሳ ሸክላማ አፈር ይጨምሩበታል። ሽንት ሲቆይ የሚፈጥረው አሞንያ ቅባት በመቁረጥ ወደር የለውም። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው በባዶ እግር ይገቡና ለሰዓታት ይረግጡታል። ጠጉሩ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ይወፍራል፤ እንደ መንዝ ባና ብርድ የማይደፍረው ይሆናል። በመጨረሻ ታጥቦ፣ ከእንጨት በተሠራ አጥር መሰል ነገር ላይ በመንጠቆ ተወጥሮ ሜዳ ላይ ይደርቃል። ሽታውን ለእናንተ ልተወው።

ይህ ሙያ በየአገሩ ሌላ ሌላ ስም ነበረው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ፉለር፣ በዴቮንና በሶመርሴት በኩል ተከር፣ በሰሜኑና በስኮትላንድ ዎከር ይሉት ነበር። ሦስቱም የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9፣ ቡሄ ሲደርስ በምናስበው የደብረ ታቦር ታሪክ፣ የጌታን ልብስ ያህል ሊያነጣ የማይችል አጣቢ ተጠቅሷል፤ የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ይህንን አጣቢ ፉለር ይለዋል። ዴቮን ውስጥ ኤክሰተር የሄደ ሰው ደግሞ የሸማኔዎች፣ የአጣቢዎችና የሸላቾች ማኅበር በ1471 ያሠራውን የተከሮች አዳራሽ ዛሬም ቆሞ ያየዋል። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ተከር ነኝ ካላችሁ፣ የቅድመ አያቶቹን ሥራ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ማዕዘን እንደነበሩም በግምት ነገራችሁ ማለት ነው።

የሚያስቀው፣ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ሲጀምር እግሩ ከሥራው እየወጣ ነበር። በ1185 ቴምፕላር የተባሉት ወታደር መነኮሳት ንብረታቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ጨርቅ በውኃ ኃይል በሚነሳ የእንጨት መዶሻ የሚወቅጥ ወፍጮ ነበራቸው። ሰሜኖቹ መዶሻ ያለበትንም ወፍጮ በድሮው የርግጫ ስም ጠሩት፤ ሠራተኛውም ዎከር እንደተባለ ቀረ።

ያኔ የአባት ሙያ ለልጅ ስም መሆኑ ግዴታ አልነበረም። የዎከር ልጅ ዳቦ ከጋገረ ቤከር ይባል ነበር። ስም መውረስን ከ1066 በኋላ የኖርማን ባለርስቶች አመጡት፤ ተራው ሕዝብ ቀስ እያለ ተከተለ፤ ወደ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ የሚወርሰው ስም ነበረው። አንድ መንደር ውስጥ ጆንና ዊልያም ሲበዛ ቀረጥ ሰብሳቢ ጸሐፊ ምን ያድርግ? በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል፣ ጸሐፊዎቹ በብዙ ቦታ ሰውን ከነሙያው መዘገቡ። በዚያው ግብር ሰበብ የተነሣውን የ1381ዱን የገበሬዎች አመፅ የመራው ዋት ታይለርም ስሙ ጣሪያ በሸክላ የሚያለብስ ማለት ነው። እኛ ዘንድ በዕደ ጥበብ መጠራት ስድብ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን የሚያዋርድ እንዲቀጣ እስከ ማወጅ ደርሰዋል፤ እንግሊዞቹ ግን ሽንት የሚረገጥበትን ሙያ ሰባት መቶ ዓመት ተሸክመው ሲዞሩ ቅር ያላቸው አይመስሉም።

እንግዲህ ሱፍ ያለበት መንደር ሁሉ የራሱ ዎከር ነበረው። ስለዚህ ሁለት ዎከሮች ስለተገናኙ ዘመድ አይሆኑም። ውስኪውን የጀመረው ጆን ዎከር በ1820 በስኮትላንዷ ኪልማርኖክ ውስጥ ሱቅ የከፈተ የገበሬ ልጅ ነው። የጆርጅ ቡሽ «ደብልዩ» ከአያቱ ከዶሮቲ ዎከር የመጣች ናት። በ1829 ቦስተን ላይ ባርነትን የሚያወግዘውን ጽሑፉን ያሳተመው ጥቁር አሜሪካዊው ዴቪድ ዎከርም ዎከር ነው። በባርነት የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የአሳዳሪያቸውን ስም ይዘው ቀርተዋል፤ ሌሎች ነፃ ሲወጡ የወደዱትን መርጠዋል። በእነዚህ ቤቶች ስሙ ስለ ደም የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው።

ለዚህ ነው «የዎከር ቤተሰብ ዓርማ» ብለው በፍሬም የሚሸጡላችሁን ነጋዴዎች አትመኑ የምለው። በእንግሊዝ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ እንጂ ለስም አይደለም። ገንዘባችሁን ለመዝገብ አውሉት። በእንግሊዝና በዌልስ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በሐምሌ 1837 ነው፤ ስኮትላንድ በ1855። ከዚያ ወደ ኋላ የንጉሡ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እንዲያዝ ያዘዘው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ። የልጆቻችሁ አባት ዎከር ከሆነ ከአያቱ የልደት ወረቀት ተነሡና አንድ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ውጡ። ጸሐፊዎቹ ስሙን እንደመሰላቸው ይጽፉት ስለነበር፣ በአንድ ፊደል የሚለየውንም ሳታዩ አትለፉ።