ዲፕሎማው ባሕር ሲሻገር



ይህ ዓምድ የቤተ ሰብን ኑሮ የሚመለከት ስለ ሆነ «የከፍተኛ ትምህርት ነገር ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዲፕሎማ ያለው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያ ዲግሪውን በውጭ አገር ለመፈጸም ሲያስብ ነገሩ የእርሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱ ቤቱን ብቻዋን የምትመራበት ጊዜ፤ ልጆቹ ከአባታቸው ተለይተው የሚቆዩበት ጊዜ፤ ከደመወዝ ተቆጥቦ የተጠራቀመው ገንዘብ የሚወጣበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ጥያቄ መልስ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የምትሄደው ሚስት ብትሆንም ነገሩ ያው ነው። ጥያቄውም «እስከ ዛሬ የተማርሁት ይቆጠርልኛል ወይስ እንደ ገና ከሀ ሁ እጀምራለሁ?» የሚል ነው።

መልሱ በአጭሩ «ከፊሉ ይቆጠራል፤ ምን ያህሉ እንደሚቆጠር ግን ከመሄድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት» የሚል ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ዲፕሎማ» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም እንደሌለው መገንዘብ ይገባል። በእኛ ዘንድ ዲፕሎማ ማለት ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በኮሌጅ ወይም በሥልጠና ተቋም የተገኘ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ የሚቀበለው ወረቀትም ዲፕሎማ ይባላል። በኢጣልያም እንዲሁ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛነት ዲፕሎማ የያዘ ሰው የጨረሰው ሁለተኛ ደረጃን ነው። ስለዚህ «ዲፕሎማ አለኝ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ አመልካች በዚያ ያለው ሹም ምን እንደሚረዳለት እርግጠኛ መሆን አይችልም። «ከ12ኛ ክፍል በኋላ ይህን ያህል ዓመት፤ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ተምሬአለሁ» ብሎ መግለጽ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው መግባት ነው፤ ይኸውም ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አድርጎ መመዝገቡ ነው። ሁለተኛው አቻ ግምት ነው፤ ይኸውም ማስረጃው በዚያ አገር ከየትኛው ማስረጃ ጋር እንደሚተካከል መፍረድ ነው። ሦስተኛው የክሬዲት መዛወር ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የተማሩት እያንዳንዱ ትምህርት ከአዲሱ ዲግሪ ላይ እንዲቀነስ ማድረግ ነው። አንደኛውን ያገኘ ሰው ሦስቱንም ያገኘ እየመሰለው ይሄዳል፤ ብዙ ኀዘንም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ክሬዲት ራሱ ምንድን ነው ቢሉ የትምህርት መስፈሪያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1906 የካርኔጊ የትምህርት ድርጅት በሁለተኛ ደረጃ አንድ ትምህርት 120 ሰዓት ሲሰጥ አንድ መለኪያ ሆኖ እንዲቆጠር ልማድ አስያዘ። ከዚያም ልማዱ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባና በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ ከክፍል ውጭ፤ ለ15 ሳምንት ያህል የተማሩት አንድ ክሬዲት ተባለ። የመጀመሪያ ዲግሪ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። በአውሮፓ ከ1989 ጀምሮ ሌላ መስፈሪያ ተዘጋጅቶ አንድ ዓመት 60 ሆነ፤ አንዱም ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይመዝናል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ አንዱ ክሬዲት 10 የትምህርት ሰዓት ነው፤ ዓመቱ 120፤ ሙሉው የክብር ዲግሪ 360 ነው።

እንግዲህ የአንድ ዓመት ትምህርት በአሜሪካ 30፤ በአውሮፓ 60፤ በእንግሊዝ 120 ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው። አንዱን ጤፍ አንዱ በቁና፤ ሌላው በእንቅብ ቢሰፍረው ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ጤፉ አይበዛም፤ አያንስምም። በኢትዮጵያ የክሬዲት ሰዓት ልማድ ሥር የሰደደው ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በነበረው ግንኙነት ጭምር ነው፤ ለምሳሌ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር። ስለዚህ በማስረጃችሁ ላይ የተጻፈው ቁጥር በየትኛው መስፈሪያ እንደ ተሰፈረ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመለስ። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን ሁለት ግሶችን እንድትለዩ እንለምናለን፤ «ተቀበለ» እና «ቆጠረ»። ዩኒቨርሲቲው «45 ክሬዲትህን ተቀብለናል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ማለት ግን 45ቱንም ከዲግሪው ላይ ይቆጥራል ማለት አይደለም። እንግዳን ቤት መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ከቤተ ሰቡ ጋር መቁጠር ሌላ ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ በሒሳብ አያያዝ የሠለጠነ ሰው 66 ክሬዲት አለው እንበል። በቤቱ ተቀምጦ «ከ120 ላይ 66 ሲቀነስ 54 ይቀራል፤ ሁለት ዓመት አይሞላም» ብሎ ያሰላል፤ ለሚስቱም እንዲሁ ይነግራታል። ዩኒቨርሲቲው ግን 21ዱን አልቀበልም ይልና 45 ይቀበላል። ከ45ቱ ውስጥ 27ቱ ዲግሪው ከሚጠይቃቸው ትምህርቶች ጋር ይገጥማሉ። የቀሩት 18ቱ «ምርጫ ትምህርት» ተብለው ይጻፋሉ፤ ዲግሪው ለምርጫ የተወው ቦታ ግን 9 ብቻ ቢሆን የሚቆጠሩት 27 እና 9፤ በድምሩ 36 ይሆናሉ። የሚቀረው 84 ነው። በዓመት 30 እየተማረ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በወረቀት ላይ የጠፋው 30 ክሬዲት በኑሮ ሲመነዘር አንድ ሙሉ ዓመት ነው፤ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ፤ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፤ ከመሥሪያ ቤት የተፈቀደውም ዕረፍት ማለፍ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው።

ይህ የሚደርሰው በውጭ አገር ሰው ላይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 ከመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል። ይህ በአንድ አገር ውስጥ፤ በአንድ ቋንቋና በአንድ መስፈሪያ የሆነ ነገር ነው። ባሕር የሚሻገረው ተማሪማ አብልጦ መጠንቀቅ እንዳለበት ግልጽ ነው።

ክሬዲት የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ አምስት ናቸው። አንደኛው ዲፕሎማውን የሰጠው ተቋም በአገሩ መንግሥት ዕውቅና የሌለው ሲሆን ነው። ሁለተኛው የትምህርቱ ይዘት ከአዲሱ ትምህርት ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ በተለይም የእጅ ሥራና የሙያ ሥልጠና እንደ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይቆጠር ይችላል። ሦስተኛው የውጤት ማነስ ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሲ በታች የሆነውን አይወስዱም። አራተኛው የትምህርቱ ማርጀት ነው፤ እንደ ኮምፒዩተር ያለ ዕውቀት ቶሎ ይለወጣልና። አምስተኛው ዩኒቨርሲቲው በስሙ ለሚሰጠው ዲግሪ የተወሰነው ክፍል በራሱ ዘንድ እንዲፈጸም ማዘዙ ነው፤ ለምሳሌ ከሩብ የማያንሰው በእኛ ዘንድ ይሁን የሚሉ አሉ።

መንገዱ በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ማስረጃን የሚመረምሩ የግል ድርጅቶች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ በ1974 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ሲሆን ናሴስ የሚባለው የመርማሪዎች ማኅበር ደግሞ በ1987 ተቋቁሟል። እነዚህ ሁለት ዓይነት ሪፖርት ያዘጋጃሉ። አንዱ የማስረጃውን ደረጃ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው እያንዳንዱን ትምህርት ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ ይዘረዝራል። ክሬዲት ማዛወር የሚሻ ሰው ሁለተኛውን ማዘዝ አለበት፤ ዋጋ ቀነሰ ብሎ የመጀመሪያውን ቢያዝ ሁለት ጊዜ መክፈሉ አይቀርም። ደግሞም የእነዚህ ድርጅቶች ሪፖርት ምክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የመጨረሻው ውሳኔ የዩኒቨርሲቲው ነው።

በእንግሊዝ አገር የሁለት ዓመት ከፍተኛ ዲፕሎማ 240 ክሬዲት ስላለው ይህንኑ የያዘ ሰው በቀረው አንድ ዓመት ዲግሪውን የሚሞላበት ልማድ አለ። የሌላ አገር ዲፕሎማ በዚህ መንገድ እንዲገባ ግን ዩኒቨርሲቲው ደረጃው ከዚያው ጋር የተካከለ መሆኑን ማመን አለበት።

መንግሥታትም በጉዳዩ ላይ ውሎችን ተዋውለዋል። በአፍሪካ የ1981ዱ የአሩሻ ስምምነት ነበር፤ በ2014 አዲስ አበባ ላይ ታድሶ አዲሱ ስምምነት በ2019 በሥራ ላይ ውሏል። በአውሮፓ የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት አለ። ዓለምን ሁሉ የሚመለከተው የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ በ2019 ተቀባይነት አግኝቶ በ2023 መሥራት ጀምሯል። የእነዚህ ውሎች መንፈስ ማስረጃው በፍትሕ ይመርመር፤ ያለ ምክንያትም አይጣል የሚል ነው። ውሎቹ ግን ያጸደቃቸውን አገር ብቻ ያስራሉ፤ ለአመልካቹም የሚሰጡት ፍትሐዊ ምርመራ የማግኘት መብት ነው እንጂ የተቆጠረ ክሬዲት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እንዳይሆን አስቀድሞ መሰናዳት ነው።

የውጤት ዝርዝራችሁን ከመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት በታሸገ ፖስታ፤ ወይም ዩኒቨርሲቲው በፈቀደው በሌላ መንገድ በቀጥታ እንዲላክ አድርጉ። የእያንዳንዱን ትምህርት ዝርዝር መግለጫ፤ ማለት ሰዓቱን፤ ምዕራፎቹንና መጻሕፍቱን፤ በማኅተም አስወጡ፤ ትምህርቱ ገጠመ ወይም አልገጠመም ተብሎ የሚፈረደው በዚህ ወረቀት ነውና። ተቋሙ ቢዘጋ ወይም ቢከፋፈል መዝገቡን የወረሰው ማን እንደ ሆነ ፈልጉ፤ በ1958 በኮሌጅነት የተጀመረው የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ ትምህርቱ በየኮሌጁ እንደ ተከፋፈለ የሚታወስ ነው። ስማችሁ በዲፕሎማውና በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን ተመልከቱ፤ ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ዘመኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ እንደ ሆነ በትርጉሙ ላይ ይገለጥ፤ አለዚያ ተማሪው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የጨረሰ መስሎ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፉና አራት ነገር ጠይቁ። ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ? ከተቀበላችሁትስ ስንቱ ለዚህ ዲግሪ ይቆጠራል? በእናንተ ዘንድ መማር ያለብኝ ቢያንስ ስንት ነው? ለመጨረስስ ስንት የትምህርት ወቅት ይፈጅብኛል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ዋናውም ክፍያ ከመልሱ በኋላ ይሁን። ገንዘብ ብቻ ተቀብሎ «ሁሉንም እንቆጥራለን» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹት፤ ከዚህ ዓይነቱ ቤት የሚወጣ ዲግሪ በአገር ቤት ዋጋ አይኖረውምና። ለዚሁም ሲባል የምታመጡት ዲግሪ ለደረጃ ዕድገት የሚያገለግል መሆኑን ከመሥሪያ ቤታችሁና በአገር ቤት አቻ ግምት ከሚሰጠው ባለሥልጣን አስቀድማችሁ ተረዱ።

መልሱ ሲመጣ ባልና ሚስት ቁጥሩን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይመልከቱት። ሁለት ዓመት ከሆነ ይህን እንችላለን፤ ሦስት ከሆነ ይህ ይጎድለናል እያሉ ይመካከሩ። ምናልባት ዲግሪውን በአገር ቤት በማታ ትምህርት ፈጽሞ ለሁለተኛው ዲግሪ መሄድ እንደሚሻል ያዩ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክሬዲት መዛወሩ ቀርቶ ሙሉ ዲግሪ ይዞ መቅረብ ይሆናል። ወይም ከመጀመሪያው ዓመት መጀመርን አውቀውና ተስማምተው ይመርጡ ይሆናል፤ አውቀው የገቡበት ነገር አያሳፍርም። የሚጎዳው በቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ተብሎ ቃል የተገባው በባዕድ አገር ሦስት ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪውም በትምህርቱ፤ ቤተ ሰቡም በኑሮው ዕረፍት ያጣልና።

ለመማር ያሰባችሁትን ሁሉ ሐሳባችሁን ይሙላላችሁ፤ በደኅና ሄዳችሁ በደኅና ለመመለስ ያብቃችሁ።