ገንዘቡ ደርሷል፣ ወሬው አልደረሰም

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አክስቴ አንዲት ወረቀት መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ገቡ። ወረቀቷ ከስልክ ላይ ተወስዳ ኮፒ ቤት የታተመች መልእክት ናት። «ክፍያዎ ተሳክቷል» ትላለች፤ ከሥሯ የብሩ መጠን፣ ሰዓቱና አንድ ረጅም የግብይት ቁጥር አለ። የልጅ ልጃቸው ኮሌጅ የሚመዘገብበት ገንዘብ ነው፤ ሁለት ሙክት ተሸጦበታል። በስልክ የከፈሉት ዓርብ ጠዋት ነበር። ሰኞ ዕለት ከኮሌጁ ተደውሎ «ሲስተማችን ላይ አይታይም፤ ደረሰኙን በአካል ይዘው ይምጡ» ተባሉ።

ረቡዕ ጠዋት አብሬያቸው ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። «እማማ፣ እኛ ጋ አልደረሰም እኮ» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ከእኔ እጅ ከወጣ ሳምንት ሊሞላው ነው። ታዲያ የት አድሮ ነው?»

ልጅቷ ወረቀቷን ተቀብላ የግብይት ቁጥሩን ፊደል በፊደል እያነበበች ኮምፒውተሩ ላይ መታችው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። አክስቴ ለዚህች ሦስት ደቂቃ ሌሊት ተነሥተው፣ በመንዝ ውርጭ ጋቢ ተከናንበው አውቶቡስ ሲጠብቁ ነግቷል።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ «ሲስተም የለም» ከሚለው ቃል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት የባሰ ነገር ነው ያየሁት። ሁለቱም ሲስተሞች ነበሩ፣ ሁለቱም ይሠሩ ነበር። የተቋረጠው በመካከላቸው ያለው ወሬ ነው። ወሬውን አንዲት የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት በመቀነታቸው ተሸክመው አደረሱት።

አገራችን ይህን ነገር ከጥንት ታውቀዋለች። አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ትልቅ ሥርዓት ነው የሚናገረው፤ የሰማ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፣ ቀጣዩን የማሰማት ግዴታ አለበት። የመንዝን የሣር ምድር፣ ጓሳን አስቡት። መንዞች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና የሚከፈትበት ቀን ሲወሰን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገር ነበር። አንዱ ቦታ ያመለጠው ሌላው ቦታ ይሰማል። በየቀኑ ወደ ጓሳ ወጥቶ «ተከፈተ ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ልጆች ይህንኑ ዌብሁክ ይሉታል። ስሙን በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጄፍ ሊንድሴይ የሚባል ፕሮግራመር ነው። አንድ ነገር ሲፈጸም፣ ለምሳሌ ክፍያ ሲገባ፣ የክፍያ አገልግሎቱ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ተሰጠው አድራሻ ኤችቲቲፒ በሚባለው የኢንተርኔት ቋንቋ ጥያቄ ይልካል፤ ማን ከፈለ፣ ስንት፣ መቼ፣ በየትኛው ቁጥር። ተቀባዩ «200» ብሎ ይመልሳል፤ ሰምቻለሁ ማለት ነው። መልሱ ካልመጣ ላኪው ደግሞ መሞከር አለበት። እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ የክፍያ መተላለፊያዎች ይህን መንገድ አዘጋጅተው ይሰጣሉ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ክፍያ ለሚሰበስበው ድርጅት እንዲህ ያለ የማሳወቂያ አድራሻ ይቀበላል። መሣሪያው አለ ማለት ነው።

ታዲያ የአክስቴን ምን ነካው? የኮሌጁን የኮምፒውተር ክፍል ልጅ ይዤ ጠየቅሁት። መዝገቡን ከፍቶ አሳየኝ፤ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የክፍያ ወሬው በሰዓቱ መጥቷል። ከዚያ ወደ ምዝገባው ሲስተም የሚያስተላልፈውን ጥያቄ አንድ ባለሙያ በእጁ አዘጋጅቶታል። ራስጌው ላይ የመልእክቱን ርዝመት የሚናገር መስመር አለ፤ ባለሙያው ርዝመቱን ያሰላው ፊደል በመቁጠር ነው። መስመሩ የሚፈልገው ግን የኮምፒውተሩን መስፈሪያ፣ ባይትን ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት። «ወርቅነህ» ብላችሁ ብትጽፉ አምስት ፊደል ነው፣ አሥራ አምስት ባይት። አሥር ባይት ጎደለ ማለት ነው፤ የአባት ስም ሲጨመርበት ይበልጥ ይጎድላል። ተቀባዩ የተነገረውን ያህል አንብቦ ያቆማል፣ የመልእክቱ ጅራት ይቆረጣል፣ የመጨረሻው ቅንፍ አይዘጋም። «400» ብሎ ይመልሳል፤ አልገባኝም እንደ ማለት ነው። ይህ መልስ መዝገቡ ላይ ከዓርብ ጀምሮ ተጽፏል። ያነበበው ሰው የለም።

ሲሞክሩት ለምን አልታየም? የሞከሩት በላቲን ፊደል በተጻፈ ስም ነበር።

በዚህ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የራሳችን ልጅ ለራሳችን ሕዝብ ሲሠራ በገዛ ስማችን አለመሞከሩ ይቅርታ የለውም። እግረ መንገዴን ሌላም አየሁ፤ በአንዱ ሲስተም «መሐል ሜዳ»፣ በሌላው «መሀል ሜዳ» ተብሎ ተጽፏል። ለማሽን ሁለት ከተማ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉት ወዳጆቼ እንደሚደሰቱ አውቃለሁ። አይደሰቱ። ስሞችን ሲያወዳድሩ ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ ማየት የጥቂት መስመር ፕሮግራም ነው፤ ለዚያ ብሎ ፊደል መጣል ለበር መጥበብ ግድግዳ እንደ ማፍረስ ነው።

«ጥፋቱ የኔትወርክ ነው» የሚሉም አሉ። ኔትወርክ እንደሚቋረጥ የአማራ ክልል ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ያየ ነው። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው ያልደረሰ ወሬ ወረፋ ይዞ መቆየትና ደጋግሞ መሞከር ያለበት። ሲደጋገም ክፍያው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የግብይት ቁጥሩ ይታያል፤ የእድር ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ቢነፋም የሞተው አንድ ሰው መሆኑን መንደሩ አያጣውም። ወሬው ከእውነተኛው ላኪ መምጣቱም ይረጋገጣል። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የማይቀበል መሥሪያ ቤት፣ ፊርማ የሌለበትን «ተከፍሏል» የሚል መልእክት እንዴት ይቀበላል?

ከመስኮቱ ስንመለስ አክስቴን «ተናደዱ እንዴ?» አልኳቸው። «ልጁ ተመዘገበልኝ፣ ምን ልሁን?» አሉ። ትንሽ ሄደው ግን ቆም አሉ። «በስልክ የከፈልኩት ላለመምጣት ነበር» አሉኝ።

ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ሆናችሁ ይህን ሥራ የምትሠሩ ልጆች፣ እለምናችኋለሁ። ርዝመቱን በባይት አስሉ፤ ካልሆነም ለመሣሪያው ተዉለት። ሙከራችሁን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ በመጣ ሰው ስም፣ በፊደላችን፣ እስከ አያት ድረስ አድርጉ። «400» ሲመለስ ለአንድ ሰው በስልኩ ይድረሰው። በሚቀጥለው ሴሚስተር አክስቴ እንደገና ይከፍላሉ።