መድረኩ ሲቀያየር የደጋፊዎች ወዳጅነት ምን ይሆናል?

ዲላ — በጌዴኦ ዞን ርዕሰ ከተማ ዲላም ሆነ በይርጋጨፌ፣ በወናጎና በገደብ ከተሞች እግር ኳስ ለብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ሊጎች በሚካሄዱባቸው ቅዳሜና እሑድ ከገበያ የተመለሰው አርሶ አደር፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጨዋታው ሲያበቃ ክርክሩ አያበቃም፤ ወደ ስልክ ተሻግሮ በፌስቡክና በቴሌግራም ሳምንቱን ሙሉ ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው መሰብሰቢያ እንደ መጀመሪያው በነዋሪው እጅ ያለ አይደለም። ባለቤቱ በሩቅ አገር የሚገኝ ኩባንያ ሲሆን ደንቡም ደጋፊው ሳይጠየቅ ይለወጣል።

የደጋፊነት መልክ ከመገናኛ መሣሪያው ጋር አብሮ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ስታነሳ፣ ከስታዲየም የራቀው ሕዝብ ደስታውን የተካፈለው በደምሴ ዳምጤ የሬዲዮ ድምፅ አማካይነት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሬዲዮ መንደሩን ይሰበስብ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ደስታው ከአደባባይ አልፎ ወደ ማኅበራዊ ትስስር ገጾች ገባ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መተላለፍ በመጀመሩ፣ የአገር ውስጥ ክለብ ደጋፊም ቡድኑን ከሩቅ እየተመለከተ በስልኩ መወያየት ቻለ።

የመድረክ ለውጥ ወዳጅነትን የሚነካባቸው መንገዶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው ድንገተኛ መዘጋት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ገደብ ተጥሎ እስከ ሐምሌ ወር፣ ማለትም አምስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቷል። ገደቡን ለማለፍ ብዙዎች ቪፒኤን ተጠቀሙ። ይሁንና ቪፒኤን ተጨማሪ ዳታና ባትሪ ይፈልጋል፤ መብራትና ኔትወርክ አስተማማኝ ባልሆነበት ቀበሌ የሚኖር ወጣት ይህን አማራጭ እንደ ከተማው ጓደኛው በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ መዘጋቱ ሁሉንም እኩል አልነካም፤ አቅም ያለው ጨዋታውን ሲቀጥል፣ አቅም ያነሰው ከጨዋታው ብቻ ሳይሆን ከወዳጆቹም ይርቃል።

ሁለተኛው ለውጥ ቀስ ብሎ የሚመጣና በቀላሉ የማይታይ ነው፤ እርሱም የገጾቹ አሠራር መለወጥ ነው። ቀደም ሲል ፌስቡክ የከፈተ ሰው በዋናነት የሚያየው የሚያውቃቸው ሰዎች የጻፉትን ነበር። ቲክቶክ ባስፋፋው፣ ሌሎችም በተከተሉት አሠራር ግን ተመልካቹን ያቆየዋል ተብሎ የተገመተውን ይዘት ስልተ ቀመሩ ይመርጥለታል። በዚህ አሠራር የአብሮ አደግ ጓደኛ የተረጋጋ አስተያየት ወደ ታች ሲወርድ፣ የማያውቁት ሰው ስድብ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ቁጣ አስተያየት ይጠራል፤ አስተያየት የበዛበት ጽሑፍም ይበልጥ ይሰራጫል። በኢትዮጵያ ብዙ ክለቦች የከተማ ወይም የአካባቢ ስም የያዙ በመሆናቸው፣ የኳስ ፉክክር በቀላሉ ወደ ብሔር ንትርክ ሊያመራ ይችላል። በዲኤስቲቪ ቤት ቢሆን ኖሮ አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተዉ ልጆች» ብለው የሚያበርዱት ጭቅጭቅ፣ በስልክ ላይ ገላጋይ ያጣል።

ሦስተኛው የመድረኩ ሞት ነው። ጉግል ፕላስ በ2011 ዓ.ም.፣ ያሁ ግሩፕስ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ሲዘጉ፣ በዓለም ዙሪያ የነበሩ የደጋፊ ስብስቦች የዓመታት ጽሑፋቸውንና መገናኛቸውን ይዘው ሌላ ቤት መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ የሚሰባሰቡባቸው የፓልቶክ ክፍሎችም ሰዉ ወደ ፌስቡክና ወደ ሌሎች መድረኮች ሲሄድ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። በእንዲህ ያለ ፍልሰት ሁሉም አብሮ አይሻገርም፤ በየሽግግሩ የሚቀር ሰው አለ።

ሆኖም ለውጡን በጉዳት ብቻ መመዘን ተገቢ አይሆንም። በዲላ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣቶች ተመርቀው ወደየአካባቢያቸው ሲበተኑ በአንድ ክለብ ፍቅር የተጀመረ ወዳጅነታቸውን የሚያቆዩት በእነዚሁ ገጾች ነው። እንደ ጌዴኦ ዲላ የሴቶች ቡድን ያሉ በትልልቅ መገናኛ ብዙኃን ሰፊ ሽፋን የማያገኙ ክለቦችም ውጤታቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለደጋፊ የሚያደርሱበት ርካሽ መንገድ አግኝተዋል። ጥያቄው ገጾቹ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚለው ሳይሆን፣ ወዳጅነት በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ምን ይደርስበታል የሚለው ነው።

ለዚህ የጌዴኦ አርሶ አደር ማሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡና፣ እንሰትና ጥላ ዛፍ በአንድነት ይበቅላሉ። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ቤተሰቡን እንሰቱ ይይዘዋል። ማሳውን በአንድ ሰብል ብቻ የሞላ ገበሬ ግን አንድ መጥፎ ዓመት በቂው ነው። ወዳጅነትም እንዲሁ ነው፤ በቴሌግራም የሚጫወቱ፣ በለቅሶና በሠርግ የሚገናኙ፣ በደቦ አብረው የሚሠሩ ሰዎች አንዱ ገጽ ቢዘጋም አይጠፋፉም። በገጹ ብቻ የሚተዋወቁ ግን የአንዳቸውን ስልክ ቁጥር ሌላቸው ላያውቁ ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት የደጋፊ ቡድኖች ያለ ብዙ ወጪ ሊወስዷቸው የሚችሉ እርምጃዎች አሉ። አንደኛ፣ የአባላትን ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው በወረቀት መዝግቦ መያዝ ነው፤ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት በቁልፍ ስልክም ይሠራሉና። ሁለተኛ፣ የገጹን አስተዳዳሪነት ለአንድ ሰው ብቻ አለመተው ነው። የአስተዳዳሪው ስልክ ቢጠፋ ወይም አካውንቱ ቢሰረቅ መላው ስብስብ አብሮ ይታወካል። ሦስተኛ፣ ለታመመ ወይም ሐዘን ለደረሰበት አባል መዋጮ የሚሰበስቡ ቡድኖች ሒሳቡን እንደ እድር በመዝገብ ቢይዙ፣ ገጹ ሲጠፋ ገንዘቡም መተማመኑም አብሮ አይጠፋም። አራተኛ፣ በወር አንድ ቀን እንኳ በአካል መገናኘት ነው።

የጌዴኦ ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን የሚመክሩበት ሶንጎ ቦታው የታወቀ፣ ደንቡም የተሰብሳቢው ነው። የማኅበራዊ ትስስር ገጾች ግን የተጠቃሚው ንብረት አይደሉም፤ ነገም ስማቸው፣ አሠራራቸው ወይም ዋጋቸው መለወጡ አይቀርም። ደጋፊው ይህን ለውጥ ሊያስቆም አይችልም። ወዳጆቹን ግን አስቀድሞ ከአንድ በላይ በሆነ ገመድ ማሰር በእጁ ያለ ነገር ነው።