ሜጋ ዋቱ በዜና፣ ሻማው በጓዳ

“ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይላል ያገራችን ሰው። የኢትዮጵያ የመብራት ነገርም ከዚህ ተረት አልወጣም። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከደመወዙ የተቆረጠበት ሠራተኛም ሆነ ከዓረብ አገር ቦንድ የገዛችው እህታችን የየድርሻቸውን ጥለውበታል። ይህን ማንኳሰስ ነውር ነው፤ እኛም አናደርገውም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል እያለ፣ ሊጡ ምጣድ ላይ በፈሰሰ ሰዓት መብራት ለምን ይሄዳል?

በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርንበት ዘመን የመብራት ዜና አጻጻፉ የታወቀ ነበር። አዲስ ማመንጫ ሲመረቅ ከነፎቶግራፉ የፊት ገጽ ይሰጠዋል። መብራት ሲጠፋ ግን “በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት” የሚል ሦስት መስመር ውስጥ ገጽ ላይ ትወሸቃለች። ያን ጊዜ የጋዜጣ ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር። ኋላ ስናስተውል ዕቅዱም እንደዚያው ነው። ሪባን የሚቆረጥለት በጀት ያገኛል፤ ጥገና የሚያስፈልገው ተራ ይጠብቃል።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። መብራት ሦስት እግር አለው፦ ማመንጫው፣ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር ከነማከፋፈያ ጣቢያው፣ እንዲሁም እስከ ቆጣሪያችን የሚደርሰው የስርጭት መስመር። ጉባ ላይ ተርባይኑ ቢሽከረከር፣ የሰፈሩ የእንጨት ምሰሶ በዝናብ ከወደቀ ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ከተቃጠለ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል፤ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣም ክትባቱን ይዞ ይሞቃል። ጥሩ የኃይል ዕቅድ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። ትልቁ መስመር ወይም ትልቁ ማመንጫ አሁን በድንገት ቢወድቅ የቀረው ይሸከማል ወይ? ካልተሸከመ ዕቅዱ አላለቀም።

ይህን ጥያቄ ታሪክ ሁለቴ ጠይቆናል። ጊቤ 2 በጥር 2002 ዓ.ም. በሆታ ተመርቆ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የውሃ ዋሻው ተደረመሰ፤ 420 ሜጋ ዋትም ለወራት ቆመ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊቤ 3 ውሃ ስለጎደለ አገሩ ሁሉ በፈረቃ ገባ፤ ፋብሪካውም ቤተሰቡም ሰዓት ተቆረጠለት። ሁለቱም ጊዜ የታየው አንድ ነገር ነው። ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ውሃው ወይም ዋሻው ሲከዳ መጠባበቂያ የለንም። ነፋስ በበጋ፣ ማለትም ወንዝ በሚጎድልበት ወራት፣ ይበረታል። 120 ሜጋ ዋት ያለው የአሸጎዳ ጣቢያ መንገዱን ካሳየ ዓመታት ቢቆጠሩም እርምጃው የኤሊ ነው።

ተጠያቂነቱስ? የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፤ ሌላው ያከፋፍላል፣ ሒሳብ ይሰበስባል። መብራት ሲጠፋ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ዜጋውን ሁሉ መብራት ሊያስገባ ቃል ገብቶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ሚሊዮኖች ዛሬም በኩራዝ ያመሻሉ። በአንጻሩ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይላችን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ይደርሳል። የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስገኝ ሽያጩን አንቃወምም። ነገር ግን ናይሮቢ ድረስ የሚዘረጋ መስመር ካለ፣ መስመሩ ከላዩ ለሚያልፍበት ገበሬም ሊታሰብለት ይገባል።

ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። መስመር ያለ ገንዘብ አይጠገንምና ጭማሪውን በጭፍን አንነቅፍም። ሆኖም ከፋዩ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ መብቱ ነው። አንደኛ፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው በወር ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋ ለሕዝብ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ከጭማሪው ለምሰሶ፣ ለሽቦና ለትራንስፎርመር የሚውለው ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ፈረቃ የግድ ከሆነ ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕም ከፈረቃ ይውጡ።

ይህ ሁሉ አዲስ ግድብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተበላሸውን ሳይደብቁ መቁጠር ነው። አንድ መንግሥት በሜጋ ዋት ብቻ ሳይሆን መብራት ሳይቋረጥ ባለፉ ሰዓታት የተመዘነ ዕለት የሰማይዋ ላም ትታለባለች።

ቸር ወሬ ያሰማን።